ሲኒየር ኤሴይ ሳይደርስ፦ በዲግሪ ተማሪነት የምርምር ልምድ ከየት ይጀመራል?

በየዓመቱ የካቲት ገደማ አራተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬን ያንኳኳል። «ቲቸር፣ ርዕስ ይስጡኝ» ይላል፤ ለሲኒየር ኤሴዩ፣ ማለትም ለመመረቂያ ጥናቱ ነው። ምን ላይ መሥራት እንደሚፈልግ ስጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካለፈው ዓመት ተመራቂ የተቀዳ ፕሮፖዛል ይዞ ይመጣል። የቀበሌው ስም ብቻ ተቀይሯል። አንዳንዴ እሱም አልተቀየረም።

ተማሪውን አልወቅሰውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሃንድአውት ሲያነብ፣ ሚድና ፋይናል ሲፈተን ከርሞ በአንድ ሴሚስተር ተመራማሪ ሁን ተባለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው መጥቶ ጭንቀቱ ላይ ተደርቧል። ታዲያ ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት «ሲኒየር ኤሴይ እንሠራለን» ብሎ ቢለጥፍ ገበያ ቢያገኝ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአራተኛ ዓመቶች አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ላላችሁ ነው። የራሳችሁን ጥናት ከማሰባችሁ በፊት ተጀምሮ በሚሠራ የሰው ሥራ ውስጥ ግቡ። ልብስ ስፌት የሚማር ልጅ መጀመሪያ ሱፍ አይቆርጥም፤ ቁልፍ ነው የሚተክለው።

1. ማን ምን እየሠራ እንደሆነ አጣሩ

ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ አሁን፣ በዚህ ወር፣ የሆነ ሰው ጥናት ላይ ነው። እናንተ ስላልጠየቃችሁ ነው የማታውቁት። የመምህራኑን ስም አንድ በአንድ ጎግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ጻፉና ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን እንዳሳተሙ እዩ። ላብራቶሪ ካላችሁ ቴክኒሻኑን አናግሩ። የትኛው መምህር ናሙና እያመጣ እንደሆነ፣ ማን ሰው እንደቸገረው፣ ከዲፓርትመንት ሄዱ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማሩትን አትርሱ። መምህሩ ሥራ በዝቶባቸው ላያዩዋችሁ ይችላሉ። የማስተርስ ተማሪው ግን አራት መቶ መጠይቅ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ፣ አድቫይዘሩ እየጠራው፣ የሚያግዘው ሰው እየፈለገ ነው። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚያ በር ነው።

ከዲፓርትመንቱም ወጣ በሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ አራት ኪሎ የደረቁ ዕፅዋት የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ታሪክ፣ ፎክሎርና ቋንቋ ለምትማሩ ወርቅ ነው። ጅማ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጤና ሳይንሱ ገና ሲቋቋም ጀምሮ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የታወቀ ነው፣ ተማሪ በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይወርዳል። ግብርና ለምትማሩ የሆለታ፣ የመልካሳ፣ የኩሉምሳና የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከላት አሉ። ቁንጮ የምንለው ጤፍ ከደብረ ዘይቱ ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። ጤና ላይ ላላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አጠገብ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥጋ ደዌን ለማጥናት ተጀምሮ ዛሬ ቲቢንና ሌሎች በሽታዎችን ያጠናል። ከትልቅ ከተማ ውጪ ላላችሁም ቡታጅራ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአካባቢውን ሰው ልደት፣ ሞትና ፍልሰት እየተከታተለ የመዘገበ የጥናት ጣቢያ ነው።

2. አንድ ጽሑፍ አንብቡ

አሥር አላልኩም። ልትጠጉት ያሰባችሁት ሰው ያሳተመውን አንድ ጽሑፍ ብቻ። መጀመሪያ አጭር መግለጫውን፣ ቀጥሎ ሠንጠረዦቹን፣ ከዚያ ዳታው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚናገረውን ክፍል እዩ። መግቢያው መጨረሻ ላይ ቢነበብ ምንም አይጎድልባችሁም። ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ጠየቁ? ማንን ወይም ምንን ለኩ? እኔ ያልገባኝ ምንድን ነው? ሦስተኛዋ ጥያቄ ነገ ቢሮ ስትገቡ የምታወሩባት ናት።

ጽሑፉ ክፈሉ ካላችሁ አትክፈሉ። ለኢትዮጵያ ተቋማት በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ብዙ ጆርናሎች በነጻ ይከፈታሉ። የጤናው ክፍል ሂናሪ፣ የግብርናው አጎራ ይባላል። የይለፍ ቃሉ ያለው ላይብረሪያችሁ ውስጥ ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። አፍሪካ ውስጥ የሚታተሙትን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ታገኛላችሁ። ከሁሉም እምቢ ካለ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ። ብዙ ሰው ሥራውን አንባቢ ሲጠይቀው ደስ ብሎት ይልካል።

3. አንኳኩ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ተማሪ የሚቀረው። ይፈራል። ወይም በቴሌግራም «ሃይ ቲቸር፣ ሪሰርች መሥራት ፈልጌ ነበር» ብሎ ይልክና መልስ ሲያጣ ይተወዋል።

በእኛ አገር በአካል መሄድ ይሻላል። ግን ሳምንቱን ምረጡ። ግሬድ የሚገባበት ሳምንት ላይ አትሂዱ። ሚድ እየታረመ ሳለም አትሂዱ። ሴሚስተሩ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ ጥሩ ነው። ካላገኛችኋቸው እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እገሌ እባላለሁ፣ የሦስተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ሐይቁ ውሃ ጥራት ያሳተሙትን አንብቤዋለሁ። ናሙናው የተወሰደው በበጋ ብቻ ስለሆነ ክረምት ላይ ይለያይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ክፍል የለኝም። በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ዳታ በማስገባትም ሆነ ናሙና በማዘጋጀት ማገዝ እችላለሁ። ቢሮዎ መጥቼ አሥር ደቂቃ ላነጋግርዎት?»

ልብ በሉ፣ «ያገኙልኝን ማንኛውንም ሥራ» አላለም። እንደዚያ ስትሉ ሥራ የማግኘቱን ሸክም ለእሳቸው ሰጣችሁ ማለት ነው። የሚችሉትን ሥራ፣ ያላቸውን ቀንና ሰዓት የሚነግሯቸውን ልጆች ግን ቶሎ ያስታውሷቸዋል። በሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። እምቢ ካሏችሁ አመስግኑና «ማንን ባናግር ይሻላል ይላሉ?» ብላችሁ ውጡ። እኔ በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው ከሁለተኛው በር የተቀበሉኝ።

ስድስት ሰዓት ያላችሁ ደግሞ ስድስት ሰዓት ስጡ። መጀመሪያ ሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ሠርቶ በሦስተኛው የጠፋ ልጅ አሁንም ድረስ ይታወሰኛል፤ ስሙ ግን በበጎ አይነሳም።

4. ቁልፍ መትከል

የመጀመሪያ ሥራችሁ አሰልቺ ይሆናል። ብልቃጥ ማጠብ፣ አፈር መንፋት፣ መጠይቅ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት፣ የተቀዳ ቃለ ምልልስ መገልበጥ። ምርምር የምትማሩት ግን እዚህ ላይ ነው።

መጠይቅ ስታስገቡ ዕድሜው 222 የሆነ ሰው ታገኛላችሁ። ነፍሰ ጡር ወንድ ታገኛላችሁ። ሦስት ልጅ አለኝ ብላ የአምስት ልጆች ዕድሜ የዘረዘረች እናት ታገኛላችሁ። እጃችሁ «22 ለማለት ነው» ብሎ ሊያርም ይቸኩላል። አታርሙ። የመጠይቁን ቁጥር፣ የጥያቄውን ቁጥርና ያያችሁትን በተለየ ወረቀት ላይ ጻፉና ዳታውን ለሰበሰበው ሰው ስጡ። በግምት የታረመ ቁጥር ከተሳሳተው ይብሳል፤ የተሳሳተው ቢያንስ ራሱን ያሳብቃል።

ቅጂ መገልበጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር አምስት፣ ስድስት ሰዓት ይበላችኋል፤ ለጀማሪ ከዚያም ያልፋል። ግን ሰው እንዴት እንደሚመልስ የምትሰሙት ያኔ ነው። ጠያቂው «ጤናዎ እንዴት ነው?» ይላል። እማማ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። መጠይቁ ላይ «ሕመም የለም» ተብሎ ምልክት ይደረጋል። ቅጂው ላይ ግን አሥር ደቂቃ ቆይተው «ይኼ ጉልበቴ እንደው ሌሊት አላስተኛ አለኝ» ሲሉ ትሰማላችሁ። የመጀመሪያው ሰላምታ ነበር። መልሱ ሁለተኛው ነው።

«እሺ» የምትባለዋንም ጠብቁ። ተጠያቂው «እሺ» ሲል ተስማምቶ ነው? ገብቶኛል ማለቱ ነው? ወይስ ጠያቂው ቶሎ ጨርሶ እንዲሄድለት? ጽሑፉ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ስትገለብጡ ዝምታውንም፣ ሳቁንም፣ የድምፁን መውረድም በቅንፍ ጻፉት። የጥናቱ ባለቤት ያመሰግናችኋል።

5. ደብተር ያዙ፣ ሰዓቱንም ጻፉ

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የማስተርስ ተማሪ የወንዝ ውሃ ሙቀት ስትለካ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አግዛት ነበር። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ እንለካለን። ቀን ከፋፍለን እየተፈራረቅን ነበር የምንሄደው። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስደርስ 2:00 ብዬ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ 8:00። ጓደኛዬ ስልኩን አይቶ ነው የሚጽፈው። የእሱ ስልክ በአውሮፓ ሰዓት ነው። ስለዚህ የእሱ ጠዋት 8:00 ነው፣ የእሱ ከሰዓት 2:00።

ነገሩን አያችሁት? ሁለታችንም ወረቀት ላይ 2:00 እና 8:00 አለ። የእኔ ጠዋት የእሱ ከሰዓት ነው። ማን የትኛውን ቀን እንደሄደ ደግሞ አልጻፍንም። ወንዙ አንድ ቀን ጠዋት ሲሞቅ፣ በማግስቱ ከሰዓት ሲሞቅ አየችና ልጅቷ ግራ ገባት። የአሥራ አንድ ቀን ልኬት ተጣለ። አልተቆጣችንም። እሱ ነው የባሰው።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ሕጉ እንዲህ ነው፦ «ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት 2:00 በኢትዮጵያ፣ የለካው እኔ።» ቀኑንም እንደዚሁ። 05/06/2016 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2016? መካከላቸው ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አለ። የሕፃን ዕድሜ በወር በሚሰላበት ጥናት ላይ ይህን መገመት አይቻልም። ወሩን በፊደል ጻፉ፤ ነገሩ ያልቃል።

6. የራሳችሁ ጥያቄ

ሁለት ሦስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ጥያቄ ራሱ ይመጣል። «ርዕስ ስጡኝ» የምትባለው ነገር ትቀራለች።

እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከእነሱ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ቀንድ አውጣው በብዛት ሞቷል። ያ ትዕይንት ጥያቄ ሆነ፣ ጥያቄው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። እንዶዱን እኮ አገር ምድሩ ያውቀው ነበር። ቁልቁል ወዳለው ውሃ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የእናንተ ጥያቄ ትንሽ ይሁን። «የተማሪዎች ውጤት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች» ጥያቄ አይደለም፤ የመርካቶን ያህል ነገር ነው። በምትኩ ካፌ ውስጥ ግቡ። ትሪዎቹ የሚመለሱበት መስኮት ጋ ስንት ኪሎ እንጀራ ይጣላል? የሽሮ ቀን ይበዛል ወይስ የምስር ቀን? ለዚህ አንድ ሚዛን፣ ሦስት ሳምንትና የካፌው ኃላፊ ፈቃድ ይበቃል። ከዚህ የሚወጣው ውጤት ከስንት የተቀዳ መጠይቅ ይበልጣል። ሚዛኑን ከግብርና ወይም ከኬሚስትሪ ዲፓርትመንት መዋስ ይቻላል።

አንዲት ነገር ስለ 384። የመመረቂያ ጽሑፍ የገለጠ ሰው ይህን የናሙና መጠን፣ ማለትም ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን ቁጥር፣ ያውቃታል። ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416። ከመቶ ስንቱ እንደሆነ ስለማናውቅ ግማሽ ብለን ያንን በ0.5፣ ለቀሪውም ግማሽ እንደገና በ0.5 አባዙት፤ 0.9604 ይሆናል። ስህተት ለማለፍ የፈቀድነውን 0.05 በራሱ አባዝተን፣ ማለትም ለ0.0025፣ ስናካፍለው 384.16። መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ስንጨምር 422 ወይም 423። ቁጥሯ ትክክል ናት። ግን የምትሠራው ከትልቅ ሕዝብ ውስጥ በዕጣ ሰው መርጣችሁ «ከመቶ ስንቱ» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። ሁለት ቡድን ለማወዳደር፣ አማካይ ለመለካት ወይም ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር ጠለቅ ያለ ውይይት ለማድረግ አይደለችም። ፈታኙ «ለምን 422?» ሲላችሁ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው» እንዳትሉ።

7. ፈቃድና ደብዳቤ

ሰው የምትጠይቁ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ማውጣትም አይቀርም፤ ማኅተሙ በደንብ ይታይ። ወረዳ ላይ ደብዳቤው ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፤ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ ደርሶናል ይባልላችሁ።

ብዙ ሰው ወረቀት ላይ መፈረም ይፈራል። ግብር ወይም መሬት የሚመስለው አለ። ኮሚቴው ከፈቀደ የቃል ስምምነት በቂ ነው። ማንነታችሁን፣ ለምን እንደምትጠይቁ፣ እምቢ ቢሉ ምንም እንደማይቀርባቸው በሚናገሩት ቋንቋ ንገሯቸው። ከዚያ እምቢ ሲሉ በእውነት ተዉአቸው።

8. ዕቃዎቹ

ዳታ በስልክ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ፣ ማጣቀሻ ለመያዝ ዞቴሮ፣ ለስሌት አር (R) የሚባለው ፕሮግራም። ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ኮቦና ዞቴሮ በአንድ ቅዳሜ ይለመዳሉ። አር ትንሽ ያስቸግራል፤ ጓደኛ ፈልጋችሁ አብራችሁ ጀምሩት። ከጓደኛ ፍላሽ በተገለበጠ፣ ፈቃድ በሌለው ኤስፒኤስኤስ በሚባል የስሌት ፕሮግራም ላይ መከራ ከማየት ይሻላል። ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ብዙ ተማሪ ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልካል፤ ለጽሑፉ ምንም አይደል፣ የሰው ስምና ስልክ ያለበትን ዳታ ግን በፍጹም።

9. ስማችሁና ገንዘቡ

ዳታ ስለሰበሰባችሁ ብቻ የጽሑፉ ጸሐፊ አትሆኑም። በሐሳቡ ወይም በትንተናው ላይ እጃችሁ ካለ፣ ጽሑፉንም አብራችሁ ካረማችሁና ኃላፊነቱን ከወሰዳችሁ ግን ስማችሁ መግባት አለበት። ይህን በመጀመሪያው ወር በትሕትና ጠይቁ፤ «ሥራዬ እዚህ ድረስ ከሄደ ጸሐፊ መሆን እችላለሁ ወይስ ምስጋናው ላይ ነው የምገባው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መጨረሻ ላይ ሲነሳ ነው ጸብ የሚሆነው።

መስክ ስትወጡ አበል ካለ ጠይቁ። ክፍያ ባይኖርም ለትራንስፖርት ከኪሳችሁ እያወጣችሁ የሌላ ሰው ፕሮጀክት አትሥሩ። በኢሜይል መጥቶ «በአምስት ቀን እናሳትማለን፣ ብቻ ክፈሉ» የሚል ጆርናል ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ወዲያው አጥፉት።

አሜሪካ ያላችሁ የእኛ ልጆች ሌላ በር አላችሁ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በየዩኒቨርሲቲው የሚደግፈው አርኢዩ (REU) የሚባል፣ በእነሱ ሰመር የሚካሄድ የተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም አለ። አሥር ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ይከፈላችኋል፤ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ግን ይጠይቃል። ማመልከቻው የሚዘጋው የእነሱ የብርድ ወቅት ሳይወጣ ስለሆነ በእነሱ ዲሴምበር መፈለግ ጀምሩ።

10. ስትወጡ

ሥራውን ስትጨርሱ ፋይሎቹን እንዳሉ ጥላችሁ አትሂዱ። የትኛው ፋይል ምን እንደሆነ፣ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ጻፉና አብራችሁ አስረክቡ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የእውነት ፋይናል» የሚሉትን አጥፉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የምትፈልጉ ከሆነ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። መምህሩ የሠራችሁትን ሁሉ አያስታውሱም፤ በዚያ መካከል ስንት ተማሪ አልፏል። ስንት መጠይቅ እንዳስገባችሁ፣ ስንት ሰዓት ቅጂ እንደገለበጣችሁ፣ የትኛውን ስህተት እንዳገኛችሁ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ላኩላቸው። የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ከላይ በደማቁ አድርጉት። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉ።